«ከእኔ ምን ይወስዳሉ?» ስለ ቤት ኮምፒውተር ደህንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። ጠረጴዛዬ ፊት የሚቆመው ሰው ብዙ ዓይነት ነው፤ መመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ መምህር፣ የዘጌ ቡና ነጋዴ፣ ልጇ ከውጭ የላከችላትን ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ የምትመጣ እናት። የሚጠይቁኝ ነገር ግን ይመሳሰላል። ሥራ በሚበዛበት ቀን በሁለት ቃል መልሼ የምሸኛቸው ስለሚቆረቁረኝ፣ አንድ ጊዜ ረጋ ብዬ ልመልስ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

እኔ ተራ ሰው ነኝ፤ ባንክም መሥሪያ ቤትም አይደለሁም። ከእኔ ኮምፒውተር ምን ይወሰዳል?

ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በቅድሚያ ሌባው እርስዎን እንደማያውቅዎት ይወቁ። ሀብታም ይሁኑ ድሃ ግድ የለውም። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው እሱ ያሰማራው ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራም ደግሞ አይደክመውም፣ አይመርጥም። ያገኘውን በር ሁሉ እየገፋ ይሄዳል፤ የተከፈተለትን ይገባል።

ገብቶ ምን ያገኛል? አንድ የቤት ላፕቶፕ ለጥገና ሲመጣ ገና እንደተከፈተ የማየውን ልንገርዎት። የቀበሌ መታወቂያ ቅጂ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የእህት የዲቪ ፎርም ከነፎቶዋ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የዕቁብ አባላት ስምና ስልክ ዝርዝር። ኢሜይሉ ክፍት ነው፤ ቴሌግራሙም ክፍት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የባለቤቱ ብቻ የሆነው ስንቱ ነው? ዲቪው የእህት ነው። የዕቁብ ዝርዝሩ የአባላቱ ሁሉ ነው። «ከእኔ ምን ይወስዳሉ?» የሚለኝ ሰው በእጁ ያለው የሌላ ሰው አደራ መሆኑን ስለሚዘነጋ ነው እንደዚያ የሚለው። ኢሜይሉ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ፌስቡክም ሆነ ሌላው አገልግሎት «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ሲባል መቀየሪያውን የሚልከው ወደ ኢሜይል ስለሆነ፣ ኢሜይልዎን የያዘ ሰው የቀረውን አንድ በአንድ ይለቅመዋል።

ምንም ፋይል የሌለበት ዕቃም ይፈለጋል። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ትልልቅ ድረ ገጾች፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ፣ ለሰዓታት መከፈት ተስኗቸው ዋሉ። ጥቃቱ የተሰነዘረው ሚራይ በሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ሠራዊቱም የሰዎች የቤት ሞደምና የጥበቃ ካሜራ ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጥያቄ እያጎረፉ መንገዱን አጨናነቁት። ሚራይ ወደ እነዚህ ዕቃዎች የገባው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም። ከፋብሪካ ሲወጡ የሚሰጧቸውን 60 የሚያህሉ የታወቁ የመግቢያ ስሞችና የይለፍ ቃሎች ይዞ ሞከረ፤ ባለቤቶቹ ስላልቀየሯቸው ከፈቱለት። ካሜራዎቹ መቅረጻቸውን አላቆሙም፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ ምንም አልጠረጠሩም።

እኛ የጣና ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። እምቦጭ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ መስፋፋት ሲጀምር ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ዓይን የሚስብ ተክል ነበር። አንዱ ገበሬ በእጁ ነቅሎ ዳርቻውን ቢያጸዳ፣ ጎረቤቱ ካልነቀለ በነፋስና በማዕበል እየተገፋ ተመልሶ ይመጣበታል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የተበከለ የቤት ኮምፒውተርም ለባለቤቱ ጤነኛ መስሎ እየሠራ ለሌላው ይተርፋል።

ፍላሼ ውስጥ የነበረው ሁሉ ጠፋ፤ የሚታየኝ ቀስት ያለበት አንድ ምልክት ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

እባክዎን ፎርማት አያድርጉት። አብዛኛውን ጊዜ ፋይልዎ እዚያው አለ።

ባለፈው ሰኔ አንዲት ተመራቂ ዕንባዋን እየጠረገች መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ለማሳተም ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር ውላለች፤ ማምሻውን ፍላሹን ስትከፍተው ባዶ ሆነባት። የቀረው አንድ ምልክት ነው። የፍላሹን ስም ይዟል፣ ከታች በግራ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለበት፣ መጠኑም 2 ኪሎባይት ነው። በማግስቱ ጠዋት አስጠርዛ ማስረከብ አለባት። ከፍላሹ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ ከፍቼ አሳየኋት፤ ከ3 ጊጋባይት በላይ ተይዟል። ባዶ ነገር ቦታ አይዝምና «ጽሑፍሽ እዚሁ አለ» አልኳት። ኮምፒውተሩ የተደበቁትንም የሥርዓቱን ፋይሎችም እንዲያሳይ ሳዘው፣ ስም የሌለው አንድ ፎልደር ብቅ አለ። ከምዕራፍ 1 እስከ 5 ያለው፣ ከአማካሪ መምህሯ እርማት ጋር፣ እንዳለ ተቀምጧል። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስክሪኑን ስታይ አስታውሳለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቫይረሱ ፋይሎቹን ወደማይታይ ፎልደር ያዛውርና በቦታቸው አቋራጭ ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቱን ሲጫኑት ቫይረሱም ፋይልዎም አብረው ይከፈታሉ። ፋይሉ ስለተከፈተ ደህና ይመስልዎታል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ኮምፒውተርዎ ተይዟል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ቀድሞ ፍላሽ መሰካቱ ብቻ ይበቃ ነበር። ማይክሮሶፍት በየካቲት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ማሻሻያ ፍላሽ በራሱ ፕሮግራም እንዳያስነሳ ከከለከለ ወዲህ ይህ ቫይረስ የእኛን ጣት ይጠብቃል። ስለዚህ ቀስቱን አይጫኑ። ንጹሕ መሆኑን በሚያውቁት ኮምፒውተር ላይ የተደበቀውን አውጥተው ሰነድና ፎቶዎን ብቻ ይገልብጡ፤ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርጉት ከዚያ በኋላ ነው። በቤት ያለውን ኮምፒውተር ማጽዳትም አይዘንጋ፤ አለዚያ የጸዳውን ፍላሽ ማታውኑ መልሶ ይበክለዋል።

ለኅትመት የሚወስዱት ፍላሽ ለብቻው ይሁን፤ በላዩ ላይም ከሚታተመው ፒዲኤፍ ሌላ ምንም አይኑርበት። የጽሑፉን ዋና ቅጂ ተሸክመው ከተማ አይዙሩ። የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶችንም አንድ ነገር እለምናለሁ፤ የብዙ ሰው ፍላሽ በአንድ ማሽን ውስጥ ያልፋልና ያንን ማሽን በየሳምንቱ ይመርምሩት። የከተማዋ ተማሪ ሁሉ የዓመት ልፋት በእጅዎ ያልፋል።

ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም በክራክ ነው የጫንኩት። ሁሉም ሰው የሚያደርገው አይደለም ወይ?

ዋጋው ለኪሳችን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማንንም ልወቅስ አልፈልግም። ነገር ግን ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚያስከፍተው መስበሪያ፣ ሲጫን በቅድሚያ የሚሰጠውን ትእዛዝ ልብ ይበሉ፤ «ጸረ ቫይረስዎን ያጥፉ» ይላል። ዘበኛውን አሰናብተን የማናውቀውን ሰው ቤት ውስጥ እናስገባለን ማለት ነው።

ስቶፕ ወይም ጅቩ በሚል ስም የሚታወቀው አጋች ቫይረስ፣ ማለትም ፋይልን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ በዋናነት የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው። አንድ አባት ይዘውት የመጡት ላፕቶፕ ላይ አይቸዋለሁ። የእያንዳንዱ ፎቶ ስም መጨረሻ ላይ አራት ትርጉም የለሽ ፊደላት ተጨምረዋል፤ ፎቶዎቹ አይከፈቱም። በየፎልደሩ የተቀመጠው ማስታወሻ 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተከፈለ 490 ይሆናል ይላል። ቫይረሱን ያመጣው ልጃቸው በክራክ የጫነው የኳስ ጨዋታ ነበር። የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎች በዚያ ላፕቶፕ ላይ ነበሩ፤ ሌላ ቅጂ የላቸውም። ላወጣላቸው አልቻልኩም።

እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎት አይክፈሉ፤ ቢከፍሉም መክፈቻው እንደሚሰጥዎት ዋስትና የለም። የታገቱትን ፋይሎች ግን አይሰርዟቸው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኔዘርላንድስ ፖሊስና የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም የሆነው ዩሮፖል ከጸረ ቫይረስ ድርጅቶች ጋር ያቋቋሙት ኖ ሞር ራንሰም የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ለአንዳንድ አጋች ቫይረሶች መክፈቻ በነፃ ይሰጣል። ዛሬ ያልተገኘ መክፈቻ ከዓመት በኋላ ሊገኝ ይችላል። የእኒያን አባት ፋይሎች በሲዲ አድርጌ የሰጠኋቸው በዚህ ተስፋ ነው።

ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሥራ ሊብሬ ኦፊስ በነፃ ይገኛል፤ አማርኛም ያለ ችግር ይጻፍበታል።

ማሻሻያ ካልተጫነ እያለ ይነዘንዘኛል፤ ዳታዬንም ይበላብኛል። ባጠፋውስ?

ዳታ ውድ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ይስሙ። ዋናክራይ የተባለው አጋች ቫይረስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በላይ አገሮች ገብቶ ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕሙማንን ለመመለስ ተገደዱ። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን መጋቢት 5 ቀን፣ ማለትም ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። የተያዙት ያልጫኑት ናቸው።

የእኛ ክልል የራሱ ችግርም አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ስለነበር ብዙ ኮምፒውተር ያለ ማሻሻያ ቆይቷል፤ ፋይልም መተግበሪያም የሚዘዋወረው ከእጅ ወደ እጅ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ላፕቶፕዎን አዘምነው የማያውቁ ከሆነ፣ ገደብ የሌለው ዋይፋይ ወዳለበት ዘመድ ቤት አንድ ቅዳሜ ይዘውት ሂደው ቀኑን ሙሉ ይተዉት። ዊንዶውስ 7 ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ድጋፍ የለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ አርጅቶ ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ከሆነ ኡቡንቱን የመሰለ ነፃ ሥርዓት ይሞክሩ፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል።

ጸረ ቫይረስ ልግዛ?

ለቤት የግድ አይደለም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር አለ፤ እንዳይጠፋና እንዲዘመን ማድረግ ይበቃል። ሁለት ጸረ ቫይረስ በአንድ ላይ መጫን ማሽኑን ያንቀረፍፋል እንጂ አይጠቅምም።

የይለፍ ቃሌ ስልክ ቁጥሬ ነው፤ እንዳልረሳው ብዬ ነው።

የብዙ ቤት ዋይፋይ የሚከፈተው በባለቤቱ ስልክ ቁጥር ነው። እስኪ እንቁጠረው። ቁጥሩ 10 አኃዝ አለው። የአካባቢያችን ብዙ ቁጥር ደግሞ በ0918 ይጀምራል። የሚቀረው 6 አኃዝ ነው፤ ያም ከ1 ሚሊዮን ግምት አይበልጥም። ለሰው ብዙ ነው፤ ለተራ ላፕቶፕ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ያውም ቁጥርዎን የሚያውቀውን ጎረቤት ሳንቆጥር።

የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ተከታትለው ቢጻፉ ለመገመት በጣም ይከብዳል፤ ለማስታወስ ግን አይከብድም። «ታንኳ ሽንብራ ደወል መሰላል» እንደማለት ነው፤ ይህንኑ ግን አይውሰዱ፣ የራስዎን ይፍጠሩ። የኢሜይሉ ቃል ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ይሁን። ማስታወሻ ደብተር ላይ ጽፎ ቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ነውር የለበትም፤ የምንፈራው ሌባ ያለው ከኢንተርኔቱ ወዲያ ነውና። ሞደምዎን የጫነልዎት ሰው የፋብሪካውን የመግቢያ ቃል መቀየሩንም ይጠይቁት። የሚራይን ነገር ያስታውሷል።

ቴሌግራሜን ጠለፉት። ኮምፒውተሬ ግን ቫይረስ የለበትም፤ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ቁልፉን ለምነው ወስደውብዎት ነው። የሚያውቁት ሰው ይጽፍልዎታል፤ «እትዬ፣ ልጄ የሥዕል ውድድር ገብታለች፣ ድምፅ ስጡልኝ»። ማስፈንጠሪያውን ሲጫኑ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ቴሌግራም የላከልዎትን ባለ 5 አኃዝ ቁጥር ያስገቡ ይላል። ያንን ሲያስገቡ ሰውየው በሌላ ስልክ ላይ እርስዎን ሆኖ ገባ ማለት ነው። የጻፈልዎት ወዳጅም ከሳምንት በፊት በዚሁ መንገድ የተጠለፈ ነው። አሁን ተራው የእርስዎ ዘመዶች ነው፤ «ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነበር፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት በእርስዎ ስምና ፎቶ ይደርሳቸዋል። ስለሚወዱዎትና ስለሚያምኑዎት ይልካሉ። የተጠለፉት እርስዎ፣ የተዘረፉት አክስትዎ።

ከተያዘብዎት ጊዜ አይስጡት። አዲስ የገባ መሣሪያ 24 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ነባሮቹን ማስወጣት እንዳይችል ቴሌግራም ስለሚከለክለው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብልጫው የእርስዎ ነው። ቅንብር ውስጥ ገብተው የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ይክፈቱ፤ ከራስዎ በቀር ሁሉንም ያስወጡ። ወዲያው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ፤ ከዚያ በኋላ ባለ 5 አኃዙ ቁጥር ብቻውን አያስገባም። ከዚያም ለዘመዶችዎ በድምፅ ደውለው ይንገሩ።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይኸው ማታለያ ወደ ገንዘቡ ተሸጋግሯል። «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» ተብለው ከተደወለልዎት፣ የደረሰዎትን የጽሑፍ መልእክት አይመኑት፤ መተግበሪያውን ከፍተው ቀሪ ሒሳብዎን በዓይንዎ ይዩ። የሚስጥር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ማንም ቢሆን፣ ድምፁ የቱንም ያህል ትሑት ቢሆን፣ ስልኩን ይዝጉት። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ይህን ቁጭ ብለን ማስረዳት አለብን። በአገራችን ለሚደውል ሰው ስልክ መዝጋት እንደ ብልግና ስለሚቆጠር ብቻ ያላቸውን ያጡ ሽማግሌዎች አይቻለሁ።

ስልክዎ መናኸሪያ ላይ ከተሰረቀ በማንኛውም ስልክ 994 ደውለው ሲም ካርዱን ያዘጉ፤ ከዚያ ወደ ባንክዎ ይደውሉ።

ሐይቅ ዳር ባሉ ካፌዎችና ሆቴሎች ዋይፋይ ብጠቀም ችግር አለው?

ዜና ለማንበብ የለውም። ብዙዎቹ ድረ ገጾች ዛሬ መልእክቱን ቆልፈው ነው የሚልኩት። የባንክ ሥራ ግን በራስዎ ዳታ ይሁን፤ ድረ ገጹ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ካስጠነቀቀዎት አልፈው አይግቡ።

ምትኬ ስንት ቦታ ላስቀምጥ?

ሦስት ቅጂ ይኑርዎት፤ ከሦስቱ አንዱ ከቤትዎ ውጭ ይሁን። ለምሳሌ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ወንድምዎ ቤት ወይም ጉግል ድራይቭ ላይ። ዲስኩ ቅጂው እንዳለቀ ይነቀል። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ አጋች ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይታገታል፤ በጽሕፈት መሐል መብራት ሲጠፋም ይጎዳል።

ሕግ የለም ወይ?

አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ብቻውን ወንጀል ያደርገዋል፤ ምንም ባይወሰድም። የመጣልዎትን መልእክት ሳይሰርዙ፣ የላኪውን ቁጥርና ሰዓቱን የሚያሳይ ፎቶ አንስተው ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

ኮምፒውተሬን ለጥገና ስሰጥ ወይም ስሸጥ ምን ልጠንቀቅ?

ስክሪን ወይም የኃይል መሙያ ቀዳዳ ለመቀየር የይለፍ ቃል አያስፈልገንም፤ ከጠየቅንዎት ለምን እንደሆነ ይጠይቁን። የሚቻል ከሆነ አጠገባችን ተቀምጠው ይጠብቁ። ቅር የሚለው ባለሙያ ካለ ሌላ ቤት ይሂዱ። ፎርማት ይደረግ ሲባሉም ከመስማማትዎ በፊት ምን እንደሚጠፋ ያስዘርዝሩት።

መሸጡ ላይ ግን ሰው በጣም ይዘናጋል። የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። አንድ ጊዜ ለመለዋወጫ ብዬ በገዛሁት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩን ስሞክር፣ ተሰርዞ የነበረ የማላውቀው ሕፃን የክርስትና ፎቶ ወጣ። ካህኑ፣ እናትየው በነጭ ቀሚስ፣ የክርስትና እናቷ ሕፃኗን አቅፋ። ባለቤቶቹን በሻጩ በኩል ፈልጌ ሳጣቸው አጠፋሁት፤ በሌላ ሰው እጅ ቢወድቅ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ዊንዶውስን እንደ አዲስ የሚመልሰው ትእዛዝ ውስጥ «ሁሉንም አጥፋ» ከሚለው ጋር «ዲስኩን አጽዳ» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ያብሩት። ሰዓታት ስለሚፈጅ ኃይል መሙያውን እንደሰኩ ማታ ያስጀምሩት። ማሽኑ ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ ዲስኩን አስፈትተው ቤትዎ ያስቀሩት፤ ለገዢውም ከዋጋው ላይ ትንሽ ይቀንሱለት።